ሻርኩ ምን አጠፋ?

“ሰዎቼ ዛሬም ቤት የሉም።”

ይህን ያለችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ሪሞቱን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ አዙራ ነው ያለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ (ታናናሾቿ ሁሉ የምንጠራት እንዲህ ነው) ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ከተሰበረ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቤት የምትወጣው ለሐኪም ቀጠሮ ብቻ ሆኗል። “ሰዎቼ” የምትላቸውም ዘመድ ወይም ጎረቤት አይደሉም፤ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በሚቀርብ አንድ የውጭ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሰሞኑን ሠርግ ብለው፣ ከሠርጉ ወዲያ ደግሞ የባሕር ሽርሽር ብለው ከለመደችው ሰፊ ሳሎናቸው ከወጡ ሦስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። እትዬ አኩርፋለች። “ባሕሩ ያምራል እኮ” ብላት፣ “አንተ ልጅ፣ ባሕር አሳየኝ አልኩህ እንዴ?” ብላ አፌን አስያዘችኝ።

አብራን ቡና ትጠጣ የነበረችው ልጄ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋችው። “አባዬ፣ ጉዞ የጀመረ ድራማ አለቀለት ማለት ነው። ሻርኩን ዘሏል።”

እኔ ደግሞ ከሕግ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ይኸው ብዙ ዓመት ቢያልፈኝም አንድ አመል አልለቀቀኝም። ተከሳሽ ሳይሰማ ሲፈረድበት ዝም ብዬ ማየት አልችልም። ስለዚህ ሰሞኑን የታወቁ ድራማዎችን መዝገብ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ከለመደው ቤቱ ሲወጣ በእርግጥ ይጎዳል ወይ? (ዓመታቱን የምጠቅሰው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ክሱ ከየት መጣ?

“ሻርኩን ዘለለ” የሚለው አባባል የተወለደው “ሃፒ ዴይስ” ከተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ኮሜዲ ነው። ድራማው ከ1974 እስከ 1984 በኤቢሲ ቴሌቪዥን የታየ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ በሚልዋኪ ከተማ ይኖር ስለነበረ አንድ ተራ ቤተሰብ የሚተርክ ነበር። ታሪኩ የሚሽከረከረው በቤተሰቡ ሳሎንና ወጣቶች በሚሰበሰቡበት አንድ ምግብ ቤት ዙሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1977 አምስተኛው ሲዝን ሲከፈት ግን አዘጋጆቹ ገጸ ባሕርያቱን ጠቅልለው ወደ ካሊፎርኒያ ወሰዷቸው። በሦስተኛው ክፍል ላይ ሄንሪ ዊንክለር የሚጫወተው ፎንዚ፣ ያንን የቆዳ ጃኬቱን እንደለበሰ በውኃ ስኪ እየተንሸራተተ፣ በአጥር የተከለለ ሻርክ በላዩ ላይ ዘለለ።

ጆን ሄይን የተባለ አሜሪካዊ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ጋር በ1980ዎቹ ሲጨዋወት፣ “አንድ ድራማ መውደቅ የጀመረባት ቅጽበት የትኛዋ ናት?” የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ይህ ትዕይንት ሆነ። ሄይን በ1997 በዚሁ ስም ድረ ገጽ ከፈተ፤ አባባሉም ከቴሌቪዥን አልፎ ስለ ፖለቲከኛም፣ ስለ ኩባንያም መነገር ጀመረ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ስለ ድራማ ውድቀት የሚነገረው በዓለም ላይ በጣም የታወቀው አባባል የተወሰደው ከጉዞ ክፍል ነው። ክሱ ከባድ ነው ማለት ነው።

ማስረጃው ግን ምን ይላል? “ሃፒ ዴይስ” ሻርኩን በዘለለበት ሲዝን በአሜሪካ በተመልካች ብዛት ሁለተኛ ነበር። ከዚያም በኋላ እስከ 1984 ኖሯል። በጠቅላላው ከተሠሩት 255 ክፍሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተሠሩት ከሻርኩ በኋላ ነው። የክፍሉ ደራሲ ፍሬድ ፎክስ ጁኒየር በ2010 በአንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ ላይ ለሥራው ጠበቃ ሆኖ ሲጽፍ፣ ያን ዕለት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ማየቱን አስታውሷል። ሞተ የተባለው ሰው ወደ ሰባት ዓመት ገደማ በእግሩ ከሄደ፣ የሞት የምስክር ወረቀቱን የሰጠውን ሰው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህ ሲባል ትዕይንቱ ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም። ፎንዚ ትልቅ ሰው የነበረው በትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ከቤተሰቡ ጋራዥ በላይ ያለች ክፍል ተከራይቶ የሚኖር መካኒክ ሆኖ ሳለ፣ የምግብ ቤቱን የሙዚቃ ሣጥን በክርኑ ወይም በጡጫው መታ ሲያደርገው ይዘፍንለታል። ቀልዱም ክብሩም እዚያ ላይ ነው። ጀግንነቱ የሚለካው በሚያውቁት ሰዎች ዓይን ነበር። ባሕር ላይ ሲወጣ ግን ጀግንነቱ ሰርከስ ሆነ። ጥፋቱ የባሕሩ ነው ወይስ ገጸ ባሕርዩን ሳያውቅ ባሕር ላይ ያወጣው ሰው? ይህን ጥያቄ ይዘን እንቀጥል።

ለምን ቤት ይቀመጣሉ?

ድራማ በአንድ ሳሎን የሚወሰነው በመጀመሪያ ደረጃ ከጥበብ ሳይሆን ከሒሳብ የተነሣ ነው። በ1951 የጀመረው “አይ ላቭ ሉሲ” ሦስት የፊልም ካሜራዎችን በአንድ ጊዜ እያስነሣ፣ በስቱዲዮ ውስጥ በተቀመጡ ተመልካቾች ፊት ይቀረጽ ነበር። ይህ አሠራር ለብዙ አሥርት ዓመታት የኮሜዲዎች ሥርዓት ሆኖ ቆየ። ሳሎኑ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ መብራቱ አንድ ጊዜ ይሰቀላል፤ ካሜራዎቹ የት እንደሚቆሙ ይታወቃል፤ ተዋናዮቹ በሳምንት ውስጥ ተለማምደው ይቀረጻሉ። ወደ ውጭ መውጣት ማለት ግን የጭነት መኪና፣ ፈቃድ፣ ሆቴልና የአየር ጠባይ ማለት ነው። ደመና ሲመጣ መቶ ሰው ቆሞ ደመወዝ ይበላል።

ነገር ግን ከሒሳብ የተወለደው ነገር ቀስ በቀስ ጥበብ ሆነ። “ቺርስ” የተባለውን ድራማ እንውሰድ። በ1982 ሲጀምር የመጀመሪያው ሲዝን በሙሉ ቦስተን ውስጥ አለ ከተባለው ከዚያ መጠጥ ቤት ግድግዳ ውጭ አልወጣም። ሰዎቹ ስለ ሚስቶቻቸው፣ ስለ ሥራቸው፣ ስለ ጎዳናው ያወራሉ፤ እኛ ግን ከባንኮኒው ፊት አንነሣም። በዚያ ዓመት የተመልካቹ ቁጥር ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበር። ቴሌቪዥን ጣቢያው ታገሠ። ድራማው 11 ዓመት ኖሮ በ1993 ሲሰናበት ከ80 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን ስንብቱን ተመልክተዋል። ሰው ያን ያህል የሚወደው ወንበር ከሆነ፣ ወንበሩን መልቀቅ ዋጋ አለው ማለት ነው። የልጄ ክስ መሠረት የሌለው አይደለም።

ታዲያ ለምን ይወጣሉ?

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከድርሰቱ ውጭ ነው። በአሜሪካ ለረዥም ጊዜ የማስታወቂያ ዋጋ የሚወሰንባቸው የቆጠራ ወራት ነበሩ፤ ኖቬምበር፣ ፌብሩዋሪና ሜይ ዋነኞቹ ናቸው። ጣቢያዎቹ በእነዚህ ወራት ሠርግ፣ ሞት፣ እንግዳ ተዋናይና ጉዞ ያበዛሉ። ሌላው ምክንያት አስተናጋጅ መገኘቱ ነው። “ሞደርን ፋሚሊ” በ2014 ቤተሰቡን ይዞ አውስትራሊያ ሲሄድ የአገሪቱ የቱሪዝም ድርጅትና ቃንታስ አየር መንገድ ተባባሪዎቹ ነበሩ። ውጤቱም ይታያል፤ ካንጋሩው፣ ኦፔራ ሃውሱና የባሕር ዳርቻው ተራ በተራ ይቀርባሉ፤ ቤተሰቡ ግን ቤቱ ሲጣላ የነበረውን ጠብ እዚያም ይጣላል። በ1972 “ብሬዲ በንች” የተባለው ድራማ ሃዋይ ሲወርድ ደግሞ ታሪኩ እርግማን ያለበት ትንሽ ጣዖት ስላገኙ ልጆች ነበር። በዘመኑ ልጆች የነበሩ አሜሪካውያን እስከ ዛሬ ያስታውሱታል፤ የሚያስታውሱት ግን እንደ ሽርሽር ፎቶግራፍ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ይከነክነኛል። በ2003 “ኢአር” የተባለው የሐኪሞች ድራማ ከቺካጎ ድንገተኛ ክፍሉ ወጥቶ ጦርነት ወዳለበት ኮንጎ፣ ኪሳንጋኒ ሄደ። ቀረጻው የተካሄደው ግን ሃዋይ ውስጥ ነው። እኔ አፍሪካዊ ተመልካች ነኝና እንዲህ ያለውን ክፍል በግማሽ ዓይን ነው የማየው። ሆኖም ፍትሕ ያስፈልጋል። ካርተር የተባለው ሐኪም ከዚያ ጉዞ የተመለሰው እንደሄደ ሆኖ አይደለም፤ ተመልሶም ሄዷል፤ በኋላ በሕይወቱ የሆነው ብዙ ነገር ከዚያ የመጣ ነው። ሥዕሉ ሃዋይ ቢሆንም የጉዞው መዘዝ ቺካጎ ድረስ ተከትሎታል። ይህን ልዩነት እንያዘው።

የተከላካይ ምስክሮች

የመጀመሪያው ምስክር “ዘ ሶፕራኖስ” ነው። የኒው ጀርሲ የማፍያ አለቃ፣ የቶኒ ሶፕራኖ ታሪክ ነው። ቤቱ፣ የሥጋ ቤቱና የሐኪሟ ክፍል የድራማው ምሰሶዎች ናቸው። ይሁንና በ1999 በአምስተኛው ክፍል ላይ ቶኒ ልጁን ኮሌጅ ሊያስመርጥ ወደ ሜይን ግዛት ይወስዳታል። መንገድ ላይ ልጅቱ “የማፍያ ሰው ነህ ወይ?” ብላ ትጠይቀዋለች። እዚያው ደግሞ ለመንግሥት ምስክር ሆኖ ስሙን ቀይሮ የሚኖር የቀድሞ ባልደረባውን ያየዋል። ልጁን ከኮሌጅ ኮሌጅ እያመላለሰ፣ በመሐሉ ሰውየውን አንቆ ይገድለዋል። የኤችቢኦ ኃላፊዎች ተመልካች ቶኒን ይጠላዋል ብለው ሠግተው ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ክፍሉ ለድርሰቱ የኤሚ ሽልማት አገኘ፤ የድራማው መልክም ከዚያ በኋላ ተለየ።

ለምን ተሳካ? ቤቱ ቢሆን ኖሮ ያ ጥያቄ አይጠየቅም ነበር። በቤት ውስጥ እናት አለች፣ ማዕድ ቤት አለ፣ በር ዘግቶ መውጣት አለ። መኪና ውስጥ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ጉዞው የወሰዳቸው ወደ ሌላ ታሪክ ሳይሆን ወደ ራሳቸው ታሪክ ሥር ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከዚያው ድራማ ነው። በ2000 አዘጋጆቹ ተዋናዮቹን በእርግጥ ጣሊያን፣ ኔፕልስ ወስደው አንድ ክፍል ቀረጹ። ከተማው እውነተኛ፣ ባሕሩ እውነተኛ ነው፤ በእኔ ዓይን ግን ከደካማዎቹ ክፍሎች አንዱ ነው። በ2001 ደግሞ ሁለት የቶኒ ሰዎች በረዶ በሸፈነው ጫካ ውስጥ ሲጠፉ የሚያሳየው “ፓይን ባረንስ” መጣ። ጫካው የኒው ጀርሲ ነው ቢባልም የተቀረጸው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ባለ ፓርክ ነው። ተመልካቾች ግን ከምርጦቹ ይቆጥሩታል። እነዚያ ሁለት ሰዎች ከተማ ውስጥ የሚፈሩ ነበሩ። ጫካ ውስጥ አንደኛው አንድ እግር ጫማው ወልቆ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ ከጓደኛው ጋር ስለ ኬቻፕ ይጣላል። ማንነታቸው የታየው ከተማው ሲወሰድባቸው ነው። ኔፕልስ ውስጥ ግን ከተማ ተጨመረላቸው እንጂ የተወሰደባቸው ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው ምስክር ዕድሜ ጠገብ ነው። “አይ ላቭ ሉሲ” በ1956 ባለታሪኮቹን አውሮፓ ለአውሮፓ አዞረ፤ ከሆሊውድ ስቱዲዮ ግን አልወጣም። ሉሲ በአንድ ጣሊያናዊ ዳይሬክተር ፊልም ላይ ለመሥራት ቋምጣ፣ ለሚናው ልለማመድ ብላ ወይን የሚረገጥበት ገንዳ ውስጥ ትገባለች፤ ከአንዲት ሠራተኛ ጋርም ትደባደባለች። ሚናው የታሰበላት እንደ አንዲት አሜሪካዊት ቱሪስት ሆና እንድትጫወት ነበር፤ ወይን ጠጅ በነከረው ቆዳዋ ግን ሚናውን አጣች። ይህ ከቴሌቪዥን ታሪክ እጅግ ከታወቁት ትዕይንቶች አንዱ ነው። ሉሲ ኒውዮርክ ባለችው ጠባብ ቤቷም ሕልሟ ይኸው ነበር፤ ዝነኛ መሆን። አገር ቀየረች እንጂ ምኞቷን አልቀየረችም።

አራተኛው “ፍሬንድስ” ነው። በ1998 የአራተኛውን ሲዝን መደምደሚያ ለንደን ሄዶ ቀረጸ። ከስድስቱ ጓደኛሞች አንዷ፣ ሊዛ ኩድሮ፣ ነፍሰ ጡር ስለነበረች መብረር አልቻለችም፤ የምትጫወታት ፊቢም ኒውዮርክ ቀረች። ስልክ ይዛ የምትቀረው ፊቢ ራሷ የታሪኩ ሞተር ሆነች። ሞኒካና ቻንድለር አንድ አልጋ ላይ ሲታዩ ስቱዲዮ ውስጥ የነበረው የለንደን ተመልካች ለረዥም ጊዜ ሲጮህ፣ ደራሲዎቹ ለአጭር ጊዜ ያሰቡትን ፍቅር እስከ ጋብቻ አደረሱት። ከቤት ባይወጡ ኖሮ ያ ጋብቻ ላይኖር ይችል ነበር።

ቤቱ ራሱስ?

እዚህ ላይ አንድ መስቀለኛ ጥያቄ ልጠይቅ። ቤት መቀመጥ ብቻውን ዋስትና ነው? በ1991 “ሳይንፌልድ” አንድ ሙሉ ክፍል በቻይና ምግብ ቤት መግቢያ ላይ ጠረጴዛ በመጠበቅ አሳለፈ። ከለመዱት አፓርታማ አልነበሩም፤ የትም አልተጓዙም፤ ምንም አልሆነም። የጣቢያው ኃላፊዎች አልወደዱትም ነበር፤ ዛሬ ግን ከታላላቆቹ ይቆጠራል። “ብሬኪንግ ባድ” ደግሞ በ2010 በጀቱ ስለጠበበት ሁለት ሰዎች በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዝንብ ሲያባርሩ የሚያሳይ ክፍል ሠራ። ግማሹ ተመልካች አሰልቺ አለው፣ ግማሹ ድንቅ። በመዘጋትም በመውጣትም የተፈተነው አንድ ነገር ነው፤ ሰዎቹ ከመድረኩ በላይ ናቸው ወይስ ከመድረኩ በታች?

ክርክሩ አዲስ አይደለም። “የቦታ አንድነት” የሚባለውን የትያትር ሕግ ብዙ ሰው የአሪስቶትል ያደርገዋል። አሪስቶትል አጥብቆ የጻፈው ግን ስለ ድርጊት አንድነት ነው። ቦታም አንድ ይሁን ብሎ ሕግ ያደረገው ጣሊያናዊው ካስቴልቬትሮ ነው፤ ዘመኑም 1570። የሕግ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል። ተንታኙ የጨመረው አንቀጽ እንደ ዋናው ሕግ ሲጠቀስ መኖሩ በእኛም ሙያ ያለ ነው።

ውሳኔ

አገራችን ውስጥ ተዘዋዋሪ ችሎት የሚባል አሠራር አለ። ዳኞቹ መዝገባቸውን ይዘው ከመደበኛ መቀመጫቸው ወጥተው ሌላ ከተማ ያስችላሉ። ሕንፃው ሌላ ነው፤ ወንበሩ ምናልባት ከትምህርት ቤት የተዋሰ ነው። ችሎት የሚያሰኘው ግን መዝገቡና ሥልጣኑ ነው። ዳኞቹ መዝገቡን ረስተው ቢሄዱ፣ ያ ጉዞ አበል የሚበላበት ሽርሽር እንጂ ችሎት አይሆንም።

ድራማም እንዲሁ ነው ባይ ነኝ። ገጸ ባሕርያቱ መዝገባቸውን፣ ማለትም ቤት ውስጥ ያልፈቱትን ነገር፣ ይዘው ከሄዱ የትም ያስችላሉ። ይህን ለመለየት ሦስት ጥያቄ ይበቃኛል። አንደኛ፣ ይህ ነገር ቤታቸው ሊሆን ይችል ነበር? ከቻለ መውጣቱ ትርፍ ወጪ ነው። ሁለተኛ፣ መንገዱ ከሰዎቹ ላይ ምን ወሰደባቸው? ምንም ካልወሰደ የምናየው ፖስት ካርድ ነው። ሦስተኛ፣ ሲመለሱ የተቀየረ ነገር አለ? ከሌለ አልሄዱም ማለት ነው። በእነዚህ ሚዛን የሶፕራኖስ ሜይን ያልፋል፤ የፍሬንድስ ለንደን ያልፋል፤ ሉሲ ሁለተኛውን በወይን ጠጅ ቀለም አልፋዋለች፤ ፎንዚ ይወድቃል። ሻርኩ ግን ነፃ ነው።

ይህን ሁሉ የዘበዘብኩት ለአሜሪካ ድራማ ስለምጨነቅ አይደለም። የእኛም ተከታታይ ድራማ እያደገ ነው። “ሁሉ ነገር ሳሎን ውስጥ” እየተባለ ሲተች ደራሲዎቻችን ወደ ውጭ መውጣታቸው መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ሪዞርት ስፖንሰር ስላደረገ ብቻ፣ ባለፈው ሳምንት እናቱን የቀበረ ገጸ ባሕርይ በዚህ ሳምንት በዋና ገንዳ ዳር ጁስ ሲጠጣ አይቻለሁ። ሐዘኑን እቤቱ ትቶት መጥቷል። ተመልካች ሞኝ አይደለም፤ ስፖንሰሩ ክፍያውን ሲጨርስ ሐዘኑ ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃል። በዚያን ጊዜ ግን አብሮት የሚያለቅስ አይኖርም።

የልዩነት ሐሳብ

ውሳኔዬን ለእትዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ “አንተ ልጅ፣ ይኼ ሁሉ ስለ እነሱ ነው” አለች። “እኔስ? አንተ ከቤትህ ወጥተህ እኔ ቤት ትመጣለህ። እኔ ደግሞ የምሄደው እነሱ ቤት ነው። እነሱ ከሄዱ የት ልሂድ?”

መልስ አልነበረኝም። በሕግ ቋንቋ ይህ የልዩነት ሐሳብ ይባላል፤ ውሳኔውን አይሽርም፤ ከመዝገቡ ጋር ግን ይያያዛል። እኔም አያይዤዋለሁ። ሳሎን ማለት ለአዘጋጁ የበጀት መስመር፣ ለእኛ ለሚተቹት የጥበብ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ለተወሰነ ሰው ግን የጉብኝት ቦታ ነው። ያንን በር ዘግተው የሚሄዱ ሰዎች ቢያንስ በቂ ምክንያት ሊኖራቸው ይገባል።

ይህን ጽሑፍ ለመጨረስ ስቀመጥ እትዬ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ሞቅ ብሏል።

“ሰዎቼ ተመለሱ” አለችኝ። “ሶፋውን ግን ከመስኮቱ ሥር አንስተውታል። ማን አንሱት አላቸው?”